ለአባባ ኢንቨርተር ስመርጥ

ሰኔ 19 ቀን 2017፣ አሰላ

ዶክተር ዳናዊት «የአባትሽን የኦክስጅን መጠን ጠዋትና ማታ እየለካሽ ጻፊልኝ» ስላለችኝ ይህን ደብተር ከሱቅ ይዤ መጣሁ። የመጋረጃ ልክ የምጽፍበት ነበር። የተጻፈባቸውን ገጾች ቀድጄ ጣልኳቸው።

ጠዋት ሰማንያ አራት። ማሽኑ ከተደረገላቸው በኋላ ዘጠና አንድ።

አባባ ከሆስፒታል ወጥተው እኔ ቤት ገብተዋል። እማማም አብራቸው መጥታለች። ሳንባቸው ጠጥሯል ነው የሚሉት። ዕድሜ ልካቸውን ከሳጉሬ በላይ ባለው ሰፈራችን በናፍጣ ወፍጮ ሲፈጩ፣ ዱቄቱንና ጭሱን ሲስቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ወንድሜ ሰኢድ የኦክስጅን ማሽን ከአዳማ ገዝቶ ልኮልናል። ከአየሩ ኦክስጅኑን ለይቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫቸው ይልካል። ከመብራት በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም።

ከሆስፒታል ስንወጣ ዶክተሯ እስከ በሩ ሸኘችኝና «ማሽኑ እኮ ያቀልልላቸዋል እንጂ…» ብላ ጀመረች። ስልኬ ጠራ። የመጋረጃ ደንበኛ ነበረች። አውርቼ ስጨርስ ዶክተሯ ወደ ሌላ ታማሚ ሄዳ ነበር። ሌላ ቀን እጠይቃታለሁ።

ሰኔ 24

መብራት ጠፋ። ተመለሰ። እንደገና ጠፋ። እማማ በሻሿ ስታራግብላቸው ዋለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የጎረቤት አምፖል እስኪበራ እጠብቃለሁ። የአባባ ትከሻ ከፍ ዝቅ ይላል።

ሰኔ 28

ምግብ እምቢ አሉ። ገንፎውን በማንኪያ ነካ ነካ አድርገው መለሱት። የተኙበት ክፍል መስኮት የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ያያሉ።

ከዙሁር በኋላ ጠሩኝ።

«ፈይሩ፣ ወደ ቤቴ መልሺኝ።»

«እዚያ እኮ መብራት የለም፣ አባባ።»

«አንቺን ያሳደግኩሽ መብራት ኖሮኝ ነው?»

«ማሽኑስ?»

ቱቦውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «እሱ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ባለቤቱን ከቤቱ አያስወጣም።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሐምሌ 1

ስፌት ላይ ሆኜ ሳስብ ዋልኩ። ከሳጉሬ በላይ ያሉ ጎረቤቶቻችን በሶላር ቴሌቪዥን ያያሉ። ቴሌቪዥን ከሠራ ማሽንስ ለምን አይሠራም?

ሐምሌ 5

ኢርሻድ ሱቅ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ሶላርና ባትሪ የሚሸጠው ልጅ ነው፤ ሱቁን የከፈተ ጊዜ መጋረጃውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ነገሩን አስረዳሁት። የማሽኑን የጀርባ ጽሑፍ በስልኬ አንስቼ ስለነበር አሳየሁት።

«ፓነሉ ከፀሐይ ይሰበስባል፣ ባትሪው ያስቀምጣል» አለኝ። «የባትሪ ኃይል ግን ይህን ማሽን አያስነሳም። ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተሩ ነው። እህቴ፣ ሙሉ ነገሩ የሚበላሸው ኢንቨርተር አመራረጥ ላይ ነው።»

ሁለት ዓይነት አሳየኝ። አንዱ ቀላል፣ በአንድ እጅ የሚነሳ፤ ገበሬው ሁሉ ለቴሌቪዥንና ለስልክ የሚወስደው እሱን ነው። ሌላው በካታሎግ ላይ ብቻ ያለ፣ «ፒዩር ሳይን» የሚሉት። የቀላሉ ኃይል ደረጃ በደረጃ እየዘለለ ነው የሚወጣው፤ የሌላው እንደ መንግሥት መብራት ሳይቆራረጥ ይፈሳል አለኝ። ልዩነቱ ለአምፖል ግድ የለም፤ ሞተር ላለው ነገር ግን…

«ግን ምን?»

«አንዳንዱ ይችለዋል። የአባታችን ማሽንም የሚችለው ይመስለኛል።»

የዋጋቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ግን ዋጋው አይደለም ያጓጓኝ። ቀላሉ ዛሬውኑ አለ። ሌላው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ቀላሉን ይዤ ወጣሁ። ደስ ብሎኛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የምሠራው ነገር ተገኘ።

ሐምሌ 6

ኢርሻድ ባትሪ ተሸክሞ መጥቶ እዚሁ ቤት ሞከርነው። ማሽኑ ተነሳ። «አየሽ!» አለኝ። ወዲያው ግን ድምፁ ሌላ ሆነ፤ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ዓይነት።

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር።

«አጥፉት» አሉ።

«ይሠራል እኮ አባባ።»

«እያቃሰተ ነው። ወፍጮም ቀበቶው ሲንሸራተት እንዲህ ነው የሚያለቅሰው። ይሄን ሞተር ትገድሉታላችሁ።»

ኢርሻድ እጁን ማሽኑ ላይ አሳርፎ ቶሎ አነሳው። ቀዩ መብራት በራ፤ ማሽኑ ጮኸና ቆመ። ኢርሻድ ላብ በላብ ሆነ። «ይሠራል ብዬ ነበር… ይቅርታ እህቴ» አለና ኢንቨርተሩን ራሱ ተሸክሞ መለሰው። አልተቆጣሁትም። የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ቢቃጠል ኖሮ ሰኢድን ምን እለው ነበር?

ማታ ሰማንያ ሦስት።

ሐምሌ 8

ፒዩር ሳይኑን ልናዝ ነው። የአዲስ አበባው ነጋዴ መጠኑን ከነገርነው «በዚህ ሳምንት» ይላል።

አሁን ደግሞ መጠኑ። ማሽኑ ሲነሳ የሚስበው ኃይል ሲሠራ ከሚስበው እጥፍም ያልፋል። ኢንቨርተሩ ለመነሻው ካልበቃ ገና ከጅምሩ ይጠፋል። ሰኢድ በስልክ «ሦስት ሺህ ዋቱን ግዢ፣ ምን ታንጎራጉሪያለሽ!» ይለኛል። ኢርሻድ ደግሞ ትልቅ ኢንቨርተር ሥራ ባይኖረውም ቁጭ ብሎ ባትሪውን ይበላል ባይ ነው። «ትልቅ በሬ ባያርስም ይበላል» አለኝ። አንድ ሺህ አምስት መቶው ይበቃል ይላል።

ይኼው ነው በጭንቅላቴ የሚዞረው። ስሰፋም፣ ስሰግድም። ዛሬ አባባን ያየሁት ጣታቸው ላይ መለኪያውን ልሰካ ስገባ ብቻ ነው።

ሐምሌ 13

ሰኢድ ከአዳማ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረኝ።

«ሰው አባቱን ከመብራት አውጥቶ ወደ ጨለማ ይወስዳል?»

«እሳቸው ናቸው የጠየቁኝ።»

«ታማሚ የጠየቀው ሁሉ ይደረጋል? ሆስፒታሉ እዚህ፣ ዶክተሩ እዚህ! እዚያ ላይ ቢታፈኑ በማን ልታሳብቢ ነው? ያ ሳጥን አንድ ቀን ቢጠፋ በአንቺ ነው፣ ፈይሩዛ። ስሚኝ፣ በአንቺ ነው።»

ከውስጥ የአባባ ድምፅ መጣ፤ «ሰኢድ።» ገባ። እኔም ተከተልኩት።

«ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። ለመናገር እስኪችሉ ጠበቅናቸው። «እኔ ነኝ ያልኳት። እኔ የምለውን መስማት ከከበደህ እኔን ተቆጣ እንጂ እሷን አትቆጣ።»

ሰኢድ የአባባን እግር ጨብጦ ቁጭ አለ። የማልቀስ ድምፅ ሰማሁና ወጣሁ። ኢርሻድ ጋ መደወል ነበረብኝ፤ ስለ ገመዱ ውፍረት። ቀጭን ገመድ ይግላል፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል ይላል።

ሐምሌ 17

ያዘዝነው ባለ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዋቱ ኢንቨርተር አልመጣም። የጭነት መኪናው ተበላሽቷል አሉ።

ሐምሌ 20

ለመግሪብ ውዱእ ሳደርግ አባባና እማማ በኦሮምኛ ሲያወሩ ሰማኋቸው። መጋረጃው ብቻ ነው የለየን።

እማማ፣ «ለምን አትነግራትም?»

አባባ፣ «ተያት። እጇ ሥራ ይዟል። እስክትጨርስ እቆይላታለሁ።»

ኢንቨርተሩ እስኪመጣ ማለታቸው ነው። ትዕግሥት አላቸው። ልቤ ትንሽ ረጋ አለ።

ሐምሌ 22

ወደ ሳጉሬ ስንሄድ መንገድ ላይ የሚያገለግል ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ዶክተር ዳናዊትን ለመንኳት፤ ፈቀደችልኝ። «ፈይሩዛ፣ እስኪ አንዴ ቁጭ በይ» አለችኝ። ቆሜ ነበርና ተቀመጥኩ። አባባ ጥሩ ሳምንታት ሊኖራቸው እንደሚችል፣ ቤታቸው ሆነው ቢያሳልፏቸው መልካም እንደሆነ ነገረችኝ። «ሳምንታት» ያለችው ከመንገዱ ድካም እስኪያገግሙ ማለቷ ይመስለኛል። ጥሩ ልጅ ናት። ለስንት ሰዓት ማሽኑ ቢቆም ይችላሉ ብዬ ጠየቅኳት። «ሲጨንቃቸው አድርጊላቸው፤ ሲቀላቸው አሳርፊያቸው» አለች።

ቁጥር አልሰጠችኝም። ቁጥር ነበር የፈለግኩት።

ሐምሌ 25

መጣ! ከባድ ነው፤ ሁለት እጅ ይፈልጋል። አሰላ ላይ ሞከርነው። ማሽኑ ተነሳ፤ ድምፁ እንደ መንግሥት መብራቱ ነው። ሁላችንም አባባን አየን።

«አሁን ጥሩ ይፈጫል» አሉ።

ሐምሌ 29፣ ከሳጉሬ በላይ

እስከ ሳጉሬ በፒክአፕ፣ ከሳጉሬ በላይ ጭቃው ስላላሳለፈን ዕቃው በቱሳ ጋሪ ወጣ። ቱሳ የልጅነት ጎረቤታችን ነው፤ ፓነሎቹን በፍራሽ ጠቅልሎ እንደ ሙሽራ ነው ያወጣቸው። አባባን የሰፈሩ ልጆች በቃሬዛ ተቀብለው ሊሸከሟቸው ሲሉ «ገና ነኝ፤ ቃሬዛ አታስለምዱኝ» አሏቸውና ተሳሳቁ። በወንበር ተሸከሟቸው።

በሩ ጋ አስቁመው ገብሱን አዩ። አረንጓዴ ነው፤ ገና ጎንበስ አላለም። ብዙ አዩት። ከዚያ ገቡና «ራበኝ» አሉ። እማማ ጩኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ አቀረበችላቸው። በሉ! ከአንድ ወር ወዲህ ሲበሉ ያየኋቸው ዛሬ ነው።

አብሮን የመጣው ኢርሻድ ሁለቱን ፓነሎች ቆርቆሮው ላይ አሰረ፣ ባትሪዎቹን ከአልጋቸው ራቅ አድርጎ አስቀመጠ፣ ኢንቨርተሩን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። አረንጓዴው መብራት በራ። ዘጠና ሁለት። ኢርሻድ ከመሄዱ በፊት «ክረምት ነው እህቴ፤ ፀሐይዋን አደራ» አለኝ፤ ፀሐይዋን የምጠብቃት እኔ ይመስል።

እኔም ሱቁን ለሠራተኛዬ ትቼ እዚሁ ልሰነብት ነው።

ነሐሴ 2

ዘጠና አንድ። አልሐምዱሊላህ። ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቅ ይመጣል። አባባ ቱቦአቸውን እንደያዙ የእከሌን መሬት፣ የእከሌን በሬ ይጠይቃሉ። እኔ ስለ ኢንቨርተሩ አስረዳለሁ። እማማ «አንቺ ልጅ፣ እንግዳው የመጣው አባትሽን ሊጠይቅ ነው» አለችኝ።

ነሐሴ 6

ጉም። ከጠዋት እስከ አስር ሶላት አልተገለጠም። ባትሪው ወረደ፤ ኢንቨርተሩ መጮህ ጀመረ። ቲ…ት ቲ…ት ይላል። ያን ድምፅ ጠላሁት። ማሽኑን አጠፋሁ። አባባ ትራስ ተደግፈው ታገሉ።

ነሐሴ 7

ዛሬም ጉም። ትልቁን ብንገዛ ኖሮ? ወይስ ይሄም ትልቅ ሆኖ ነው? ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጥቼ ለኢርሻድ ደወልኩ።

«ኢንቨርተሩ አይደለም እህቴ» አለኝ። «ኢንቨርተር መቀየር እንጂ መፍጠር አይችልም። የሌለውን ከየት ያምጣው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ባትሪ መጨመር ይቻላል፤ ፀሐይ በወጣች ቀን ለሌላው ቀን እንዲቆይ። ግን…»

«ግን ምን?»

«ግን ምንም። አስቀምጥልሻለሁ።»

ሰዎች ሁሉ «ግን» ብለው ለምን እንደሚተዉት አላውቅም።

ነሐሴ 11

መሰላል ወጥቼ ፓነሎቹን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ጤዛው ሲጠረግ ትንሽ የሚጨምር ይመስለኛል። ቱሳ ከታች መሰላሉን ይዞ «ሀደ ሰኢድ ነይ ውረጂ፣ ቆርቆሮው ያንሸራትታል» ይለኛል፤ የሰኢድ እናት ማለቱ ነው፣ የልጄን ስም ከወንድሜ ስም ጋር እያምታታ። ልጄ ሰኢድ ሳይሆን ሙህሲን ነው። ለእርማት ጊዜ የለኝም።

ከላይ ሆኜ አባባ ሲስሉ እሰማለሁ።

ነሐሴ 15

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ብርሃን ነበር። አባባ ቀለል ብሏቸው «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ወፍጮውን ሊተክሉ ከአርቦዬ ሞተሩን በበቅሎ ያመጡበትን ጊዜ ይነግሩኝ ጀመር። በመንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶ አንዲት ሴት ቤት አደሩ። ያቺ ሴት… ሲሉኝ ኢንቨርተሩ ጮኸ። ተነሥቼ ሄድኩ። ባትሪውን ሳስተካክል፣ ወጥቼ ሰማዩን ሳይ፣ ተመልሼ ስመጣ ዓይናቸው ተከድኗል።

ነገ ይጨርሱልኛል።

ነሐሴ 18

ሰባ ዘጠኝ። ሰባ ስምንት። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ተጨማሪ ባትሪ ግድ ነው። ሌላ መፍትሔ የለም። ኢርሻድ ሁለት አስቀምጦልኛል። ፀሐይ በወጣች ቀን ለመሙላት ካልደረሱ ምን ዋጋ አላቸው? ቶሎ መሄድ አለብኝ።

እማማ ስታየኝ ዋለች።

ነሐሴ 21

ዛሬ ጠዋት ከፈጅር በኋላ ተነሣሁ። ጉሙ ቀለል ያለ ይመስላል። ልሰናበታቸው ገባሁ።

«የት ነው?»

«አሰላ። ባትሪ ላመጣ። ማታ እመለሳለሁ።»

«ዛሬ ዋዪ» አሉኝ።

«አባባ፣ ነገ ደግሞ ጉም ቢሆንስ? እንደ ሰሞኑ ቢሆኑብኝስ?»

እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነው። የሚሉትን ጠበቅኩ፤ ቱሳ በጋሪው ውጭ ይጠራኛል፤ ሚኒባሱ ከሳጉሬ ያመልጠኛል። «ቶሎ ነው የምመለሰው» አልኩ። «በይ ሂጂ፣ አላህ ይቅደምልሽ» ብለው እጄን ለቀቁት።

ይህን የምጽፈው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከሳጉሬ ወጥተናል። ሰማዩ እየተገለጠ ነው! ጭላሎ ሙሉ በሙሉ ይታያል።

ነሐሴ 22

አባባ

ነሐሴ 25

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱን ሞልቶታል። አሁን ሴቶቹ ቁርዓን የሚቀራበት ክፍል ስለሆኑ እኔ ጎተራው ጋ ተቀምጫለሁ።

ባትሪዎቹን ይዤ ሳጉሬ ስደርስ ቱሳ በጋሪው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የተቀጣጠርነው በመግሪብ ነው፤ እሱ ግን ቀድሞ ቆሟል። ፊቱን አይቼ ባትሪዎቹን መሬት አስቀመጥኩ። «ንገረኝ» አልኩት። ጥምጣሙን ከራሱ አወለቀ። «ባትሪው አልቆ ነው?» አልኩት። ይህ ነው ከአፌ የወጣው። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ባትሪው ነው።

ስደርስ ታጥበው፣ ተከፍነው ነበር። ፊታቸውን ገልጠው አሳዩኝ። የደከማቸው አይመስሉም። ወንዶቹ ለጀናዛው ይጠብቁኝ ስለነበር ብዙ አላቆዩኝም፤ ተሸክመዋቸው ሄዱ።

ከዚያ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። ማሽኑ ይሠራል። አረንጓዴው መብራት በርቷል፤ ባትሪው ሙሉ ነው። ቱቦው ከአልጋው ሥር ወድቆ ለማንም ያልሆነ ኦክስጅን ያወጣል። እማማ እንዴት እንደሚጠፋ አታውቅም ነበር። ማንም አላወቀም። እኔ አጠፋሁት።

እማማ ቆይታ ነገረችኝ። እኔ እንደሄድኩ ጉሙ ተነሣ፤ ፀሐይዋ በጋ መሰለች። አባባ «ውጭ አውጡኝ» አሉ። ቱቦው ከደጃፉ አላልፍ አለ። ራሳቸው ከአፍንጫቸው አውልቀው ለእማማ ሰጧት። ቱሳና ልጁ በወንበር አወጧቸው፤ ገብሱ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው።

«ቱቦውን ልመልስልህ ብለው» አለች እማማ፣ «‘ተዪው ሀሊሜ፣ ማሽኑም ይረፍ’ አለኝ። ለፈይሩ ልደውል አልኩት። ‘መንገድ ላይ ናት፤ አትረብሿት’ አለ። ገብሱን ያያል። እኔም ገብሱን አያለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቀው ዞር ስል…»

እጇን ያዝኳት። «ተጨንቀው ነበር?» አልኩ።

«አልተጨነቀም። ፀሐይዋ አሙቃው ነበር።»

ነሐሴ 26

ሰኢድ በቀብሩ ዕለት መሽቶ ነው የደረሰው። ዛሬ ሰው ሲቀል ወደ አባባ ክፍል ገባ፤ ተከትዬው ገባሁ። የሚለኝን አውቀው ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ኢንቨርተር አየ።

«ጠፍቶ ነበር?»

«አልጠፋም።»

«ባትሪው?»

«ሙሉ ነበር። ፀሐይ ነበረች።»

ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደግፎ ቆመ። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር መሰለኝ፤ የሚቆጣበት ያገኝ ነበር። እኔም ሌሊቱን ሁሉ ስፈልገው የነበረው ይኼንኑ ነው፤ የቀጠነ ገመድ፣ የላላ ብሎን፣ ያነሰ ዋት። ምንም የለም። ትክክለኛውን ነው የመረጥነው። ትክክለኛውን መርጬ እሳቸው ጋ አልነበርኩም።

ይህን ለሰኢድ ነገርኩት። «እኔም አዳማ ነበርኩ» አለኝ። ከዚያ ሁለታችንም አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥን፤ ብዙ ተቀመጥን። በሕይወታቸው ሳሉ እንዲህ አብረን ተቀምጠን አናውቅም።

ነሐሴ 30

መውሊድ ነው። ሰፈሩ ዘንድሮ ድቤውን ቀስ አድርጎ መታ፤ ለአባባ ሲሉ። እማማ ሰደቃ አወጣች።

መስከረም 3 ቀን 2018

ፀሐይ። በየቀኑ ፀሐይ። ባትሪዎቹ ከረፋዱ በፊት ይሞላሉ። ሁለቱ አዳዲሶቹ እስካሁን ከነማሸጊያቸው ጎተራው ሥር ናቸው። እማማ አንድ አምፖል እንኳ አትፈልግም፤ «ፋኖሴ ይበቃኛል» ትላለች። እኔ አንዳንዴ ወደ ክፍሉ ገብቼ አረንጓዴውን መብራት አየዋለሁ። እንደ ልማድ ጣቴን ለካሁ። ዘጠና ስምንት። ጤነኛ ነኝ። አፈርኩ።

መስከረም 9፣ አሰላ

ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ዶክተር ዳናዊት ለቅሶ ልትደርሰኝ መጣች። የደብተሩን ቁጥሮች ላሳያት ስል እጇን ደብተሩ ላይ አድርጋ ከደነችው። «አያስፈልገኝም» አለች። «እኔም ጻፊ ያልኩሽ የሚይዝሽ ነገር እንዲኖር ነበር።» ያን ቀን በር ላይ ምን ልትለኝ እንደነበር ጠየቅኳት። «አሁን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። አዎ። ያኔም አውቀው ነበር። ስልኩን ያነሣሁት ለዚያ ነው።

መስከረም 16

ዛሬ አንድ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ከሊል እባላለሁ አለ፤ ከኦጎልቾ ወጣ ብሎ ገጠር ነው የሚኖረው። ቁጥሬን የሰጠው ኢርሻድ ነው። እናቱ ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ የኦክስጅን ማሽን ተበድሮ አግኝቷል፤ ቤቱ ግን መብራት የለም።

«ኢንቨርተር ልገዛ አሰላ ልመጣ ነው» አለኝ። «ቀላል የሚሉት አለ፤ እሱ ይሆናል?»

«አይሆንም፤ ሞተሩን ያቃጥልብሃል» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፒዩር ሳይን መሆን እንዳለበት፣ ሲነሳ ስለሚስበው ኃይል፣ ትልቅ ማለት ጥሩ ማለት እንዳልሆነ፣ ስለ ገመዱ ውፍረት። እየጻፈ ነበር፤ «ቀስ ይበሉልኝ እህቴ» ይለኛል። ድምፁ ውስጥ ያለውን ጥድፊያ አወቅኩት። የራሴ ድምፅ ነው።

ሲጨርስ «አባትዎን ጠቀማቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስፌት ማሽኔን አቆምኩ።

«እኔን ጠቀመኝ» አልኩት። «ለእሳቸው ትንሽ አቀለለላቸው። እኔን ግን በጣም ጠቀመኝ።»

አልገባውም። እንዲገባውም አልፈለግኩም።

«እናትህ አሁን ምን ያደርጋሉ?» አልኩት።

«ተኝተዋል። ይነቃሉ፣ ይጠሩኛል፣ ይተኛሉ። ለዚህ ነው የቸኮልኩት፤ አሁኑኑ ተነሥቼ ልምጣና በመጨረሻው መኪና…»

«አትምጣ» አልኩት።

«እንዴት?»

«ኢንቨርተሩም ፓነሉም ባትሪውም እናቴ ቤት ያለ ሥራ ተቀምጧል። ከኢርሻድ ጋር አስፈትቼ ነገ ይዤልህ እወርዳለሁ። መንገዱን ብቻ ንገረኝ።»

ከኦጎልቾ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ነገረኝ፤ ጻፍኩት። ከበስተጀርባው የአሮጊት ድምፅ በኦሮምኛ «ማነው?» ሲል ይሰማኛል።

«እየጠሩህ ነው» አልኩት። «ስልኩን ዝጋና ሂድ። ቁጭ በልላቸው።»

ዘጋው።